ድካም የሌለው ገጸ ባሕርይ አይገባም

የሥነ ጽሑፍ ሂስ ሲባል መጽሐፍ ወይም ድራማ መመዘን ይመስለናል። ዛሬ አብረን የምንመዝነው ግን አንድ አሠራር ነው። ከመካከላችሁ በኢንተርኔት የሚካሄደውን የሚና ጨዋታ፣ በተለምዶ ሮልፕሌይ የሚባለውን፣ የምታውቁ ትኖራላችሁ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ በደንብ የተደራጁ ማኅበረሰቦች ማንም ሰው ዘው ብሎ እንዲገባ አይፈቅዱም። መግባት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚጫወተውን ገጸ ባሕርይ ጽፎ ያመለክታል። ገምጋሚዎች ያነቡታል። ከዚያም «ግባ»፣ ወይም «አስተካክለህ ተመለስ»፣ ወይም «አይሆንም» ይሉታል።

«ይህ ለወጣት ኅብረታችን ምን ይረባዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትክክል ናችሁ። የሚረባው እኛም ገምጋሚዎች ስለ ሆንን ነው። በየአጥቢያው ድራማ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት፣ አጭር ልቦለድ በግድግዳ መጽሔት ላይ ከመለጠፉ በፊት እናነባለን፣ እናርማለን፣ እንጥላለን። ሁለቱን ግምገማዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ነገር ይታያል፤ እነዚያ ገምጋሚዎች አንድን ገጸ ባሕርይ የሚመልሱበት ዋናው ምክንያት፣ እኛ ገጸ ባሕርዩን የምናጸድቅበት ምክንያት ነው። እነርሱ «ይህ ሰው ምንም ጉድለት የለበትም» ብለው ይመልሱታል። እኛ ደግሞ «ይህ ሰው ምንም ጉድለት የለበትም» ብለን እናሳልፈዋለን።

ከሁለታችን ማን ትክክል ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ብዙ ሰዎች በአንድ የፈጠራ ዓለም ውስጥ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ አንድ ሰው ፈጥሮ በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፣ በዚያ ሰው እጅ ይሠራል። አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዱ የታክሲ ሾፌር፣ አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ሌባ። ታሪኩን አስቀድሞ የጻፈ ደራሲ የለም። ተጫዋቾቹ እየኖሩት አብረው ይጽፉታል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ጨዋታ በአሜሪካ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1980ዎቹ ብዙ ክርስቲያን ወላጆችና ሰባኪዎች በዚያ አገር አጥብቀው እንደ ተቃወሙትም ይታወቃል። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ፣ በኋላም ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል፣ ብዙ ሰው በኮምፒውተር በጽሑፍ ብቻ የሚገናኝበትን መድ የተባለ ዓለም ሠሩ። በጽሑፍ ብቻ የሚካሄዱት ዓለማት ከዚያ ወዲህ በዙ። ዛሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ግራንድ ቴፍት ኦቶ 5 ወስደው፣ ፋይቭኤም በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ተራ የከተማ ኑሮ የሚኖርበት የሚና ጨዋታ ያደረጉት ሰርቨሮች አሉ።

ማመልከቻው ከቦታ ቦታ ቢለያይም ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። የገጸ ባሕርዩ ስም ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? የት አደገ? በምን ይተዳደራል? ምን ይችላል? ምን አይችልም? ምን ይፈራል? ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ ፈተና ይጨመራል፤ «ገጸ ባሕርይህ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ምን ያደርጋል? በጥቂት መስመር አሳየን» ይባላል። ገምጋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ በዚያ ዓለም ቆይተው ልምድ ያካበቱ ተጫዋቾች ናቸው።

የሚያነቡበትን መነጽር ወደ ሦስት ጥያቄዎች መሰብሰብ ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ ይህ ሰው የዚህ ዓለም ሰው ነው? የሚል ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ስልክ ባልነበረበት ዘመን ከሆነ ገጸ ባሕርዩ ስልክ ሊደውል አይችልም። «የከተማው ከንቲባ አባቴ ነው» ብሎ የሚያመለክትም አለ፤ ከንቲባውን የሚጫወተውን ሰው ግን አልጠየቀውም። በሌላው ሰው ታሪክ ላይ ያለ ፈቃዱ መጻፍ ነውና ይመለስለታል።

ሁለተኛው፣ ይህ ሰው ለሌሎች ቦታ ይተዋል? የሚል ነው። በጽሑፍ በሚካሄደው ጨዋታ አንድ ጥሩ ሕግ አለ። «ቡጢ ሰነዘርኩበት» ብለህ መጻፍ ትችላለህ፤ «ቡጢ ሰንዝሬ መታሁት፣ ወደቀ» ብለህ ግን መጻፍ አትችልም። መውደቅ አለመውደቁን የሚጽፈው የተሰነዘረበት ሰው ነው። አንተ የራስህን ሥራ ትጽፋለህ እንጂ የሌላውን ምላሽ አትጽፍም። ሁሉን የሚችል፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ገጸ ባሕርይ ይህን ሕግ ገና ሳይገባ ያፈርሰዋል፤ አጠገቡ የሚቆም ሰው ተመልካች ከመሆን ሌላ ሥራ አይኖረውምና።

ሦስተኛው፣ ድካሙ የእውነት ድካም ነው? የሚል ነው። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ያርፋል።

የምትጎዳና የማትጎዳ ድካም

እ.ኤ.አ. በ1973 ፓውላ ስሚዝ የምትባል አሜሪካዊት፣ ስታር ትሬክ በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም አፍቃሪዎች መጽሔት ላይ አንዲት አጭር የፌዝ ታሪክ አወጣች። ባለ ታሪኳ ሜሪ ሱ ትባላለች። ገና አሥራ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት መኮንን ሆናለች፣ ሁሉም ይወዳታል፣ ሁሉን ትችላለች፣ በመጨረሻም ሁሉም እያለቀሰላት ትሞታለች። ስሚዝ ያፌዘችው ጀማሪ ጸሐፊዎች በየጊዜው ይልኩት በነበረው እንከን የለሽ ጀግና ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉድለት የሌለባት ገጸ ባሕርይ በእነዚህ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሜሪ ሱ ተብላ ትጠራለች። በማመልከቻህ ላይ ይህች ቃል ከተጻፈች መልሱ ታውቋል ማለት ነው።

ድካም ዋጋ እንዳለው በቁጥር ያስቀመጠ ጨዋታም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ቻምፒየንስ በተባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ለገጸ ባሕርዩ ችሎታ የሚገዛው በነጥብ ነው። ተጨማሪ ነጥብ ከፈለገ ለገጸ ባሕርዩ ድካም መውሰድ አለበት፤ ጠላት፣ ፍርሃት፣ የገባው ቃል፣ የሚጠብቀው ደካማ ዘመድ። ብልጣ ብልጡ ተጫዋች ደግሞ በፍጹም የማትጎዳውን ድካም መርጦ ነጥቡን ብቻ መውሰድ ይፈልጋል። ባሕር በሌለበት አገር እየተጫወተ «ገጸ ባሕርዬ ባሕር ይፈራል» ይላል። የጨዋታው ሕግ ለዚህ መልስ አለው፤ የማያስቸግር ድካም ነጥብ አያስገኝም።

ይህን እዚህ ወዳለው ሕይወታችን አምጥተን እንየው። አንድ ወጣት እንዲህ የሚል ማመልከቻ ጻፈ እንበል፦

«ገጸ ባሕርዬ ከወልቂጤ አካባቢ ገጠር ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ነው። በሊስትሮ ጀምሮ መርካቶ ውስጥ ትልቅ ነጋዴ ሆኗል። ብርቱ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ማንንም አይፈራም። ድካሙ ከመጠን በላይ ደግ መሆኑ ነው።»

ገምጋሚው ይመልሰዋል። ከመጠን በላይ ደግነት የተባለው ድካም ምስጋና ነው። ይህ ሰው ከማንም ምንም አይፈልግም፤ ስለዚህ ማንም ወደ እርሱ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ጥሩ ገምጋሚ ግን «መጥፎ ነው» ብሎ አያቆምም፤ ይጠይቃል። «እውነት ነጋዴ ሆኗል? ለመስቀል አገሩ ሲገባ እናቱ የምታውቀውና እርሱ የሚያውቀው አንድ ነው?» ይለዋል። ልጁ ያስብበትና እንዲህ አድርጎ ይመልሳል፦

«ለእናቱ የራሴ ሱቅ አለኝ ብሏታል። የሚሠራው ግን በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ነው። አምና ለመስቀል ባዶ እጁን ላለመግባት ዕቁብ ቀድሞ በልቶ ለእናቱ ሥጋና ልብስ ገዛ፤ የቀረውን ዕቁብ መጣል ግን አልቻለም። ዘንድሮ መስቀል ደርሷል። የዕቁቡ ዳኛ የመንደሩ ሰው ነው።»

አያችሁት? ሁለተኛው ማመልከቻ ከመጀመሪያው ቢበዛ በአራት መስመር ይረዝማል፤ ነገር ግን በሩ ተከፈተ። የዕቁቡን ዳኛ የሚጫወት ሰው ሥራ አገኘ፤ ዝም ይላል ወይስ ይናገራል? እናቱን የምትጫወት ሴት ሥራ አገኘች፤ ታውቅ ይሆን? እያወቀች ዝም ብላ ይሆን? እውነቱን የሚያውቅ የአጎት ልጅ ቢመጣ እርሱም ሥራ አለው። ውሸቱ የመጣው ከክፋት አይደለም፤ ከእናት ፍቅርና ከእፍረት ተቀላቅሎ ነው። የመስቀልን በዓል የሚያውቅ የአገራችን ሰው ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ድካም በግምገማው ውስጥ የሚፈለገው ገጸ ባሕርዩን ለማዋረድ አይደለም። ድካም ሌላ ሰው የሚገባበት በር ነው። ምንም የማይጎድለው ሰው ጎረቤት አያስፈልገውም።

በአገራችን ልቦለድ ሲፈተን

ይህ መለኪያ የውጭ አገር ጨዋታ ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ በራሳችን ታላቅ ልቦለድ እንፈትነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ ያላነበባችሁም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ መተረኩን ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን ተመልከቷቸው። ድካማቸው የዘር ኩራት ነው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር በማጣት የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ ዕድሜዋ ይሄዳል። አሁን ይህን ድካም ከእርሳቸው ላይ አንሡት። ሰብለ ወንጌል በጊዜዋ ታገባለች፤ በዛብህ አስተማሪዋ ሆኖ ወደዚያ ቤት ሲመጣ አያገኛትም፤ ልቦለዱም አይኖርም። በአንድ ሽማግሌ ኩራት ላይ የስንት ሰው ታሪክ ቆሟል! ጉዱ ካሳም እንዲሁ ነው። እውነት ይናገራል፤ አገሩ ግን እንደ እብድ ያየዋል። እውነቱን ያዩለትና የሚሰሙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሁሉም ሰምቶት ቢሆን ኖሮ እርሱም ለእኛ ስብከት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

«ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» የሚለው የአገራችን ሰው ለድራማ ጸሐፊ የሚሆን ምክር ሰጥቷል።

የእኛ መድረክ

አሁን ወደ ራሳችን ድራማ እንምጣ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጫት ቤት የሚውል ልጅ አለ። የምታለቅስ እናት አለች። አንድ የጸና ጓደኛ አለው፤ ይህ ጓደኛ አይደክምም፣ አይቆጣም፣ አይቀናም፣ አይጠራጠርም። በሁለተኛው ክፍል ልጁ ይታመማል ወይም ይታሰራል። በሦስተኛው ጓደኛው ይመሰክርለታል፤ ልጁ ያምናል፤ ዝማሬ ይሆናል፤ መጋረጃ ይዘጋል። መልእክቱ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ከሱስ ወጥቷል። ችግሩ ያለው በጓደኛው ላይ ነው። እርሱ የእኛ ሜሪ ሱ ነው።

በአዳራሹ የተቀመጠ ወጣት ይህን ጓደኛ ሲያይ ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንዱ «እኔ እንደዚህ አይደለሁም፤ ስለዚህ አማኝ አይደለሁም» ነው። ሌላው «ማንም እንደዚህ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ድራማ ነው» ነው። ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያወጣሉ። አንድ ወጣት ጸሐፊ ይህን አስተውሎ ጓደኛውን ትንሽ ሰው ሊያደርገው ሲሞክር፣ ለምሳሌ የዳነው ልጅ በአንድ ወር ውስጥ መዘምራን ውስጥ ሲገባ እርሱ ሲቀና ቢያሳይ፣ በግምገማው ላይ «አማኝ እንዲህ አያስብም፤ ለወንጌል ነቀፋ ይሆናል» ይባላል። ቅናቱ ይሰረዛል። ጸሐፊውም ቀስ በቀስ መጻፍ ያቆማል፤ ወይም የሚጽፈውን ወደማናይበት ቦታ ይዞት ይሄዳል።

ስጋቱን አቃልዬ አላየውም። መድረካችን ኃጢአትን የሚያስጌጥ እንዳይሆን መጠበቅ የሽማግሌዎች ኃላፊነት ነው። ነገር ግን በዚህ መለኪያ ብንሄድ የምንጥላቸውን ሰዎች ቍጠሯቸው። ጴጥሮስ አይገባም፤ በአንዲት ገረድ ጥያቄ ጌታውን ካደ። ይህንን ታሪክ አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል፤ አንዳቸውም ለሐዋርያው ክብር ሲሉ አልሰረዙትም። ዳዊት አይገባም። ዮናስ አይገባም፤ መጽሐፉ የሚያልቀው ነቢዩ በደረቀችው ቅል ምክንያት ተቆጥቶ እንደ ተቀመጠ ነው። ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 12 ላይ ስለ ሥጋው መውጊያ ሲጽፍ፣ ሦስት ጊዜ እንዲወገድለት ለምኖ እንዳልተወገደለት፣ የጌታም ኃይል የሚፈጸመው በዚያው ድካም እንደ ሆነ ይናገራል። የጳውሎስ ድካም የማትጎዳ ድካም አልነበረችም፤ ጸጋ የገባባት በር ግን እርሷ ነች።

በእነዚያ ሰርቨሮች ውስጥ የሚሠራበት ሌላም ሕግ አለ፤ ገጸ ባሕርይህ ለሕይወቱ መፍራት አለበት። ጠመንጃ የተደገነበት ሰው እየሳቀ ቢያልፍ ሕግ ጥሷል ተብሎ ይከሰሳል። የእኛ መድረክ ጀግኖች ግን ሲያስፈራሯቸው ወዲያው ጥቅስ ይጠቅሳሉ። የፈራ ሰው ሳያሳዩን ድፍረትን እንዴት ያሳዩናል?

«ክርስቲያን ሌባን መጻፍ ይችላል?» ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። የነቢዩ ናታንን ሥራ አስታውሱ። ዳዊት ፊት ቆሞ በቀጥታ አልወቀሰውም። ብዙ በጎች እያሉት የድሃውን አንዲት በግ የወሰደ ባለጠጋ ፈጥሮ ነገረው። ዳዊት በተፈጠረው ሰው ላይ በቍጣ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያ ሰው ራሱ መሆኑን የሰማው። ያ ባለጠጋ በግምገማ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ ናታን ምን ይዞ ይገባ ነበር? ጌታችንም በምሳሌዎቹ የማይታመን መጋቢ፣ አባቱን ትቶ የሄደ ልጅ፣ በደጅ ቆሞ አልገባም ያለ ታላቅ ወንድም አሳይቶናል። ታላቁ ወንድም በመጨረሻ ይግባ አይግባ አልተነገረንም። ቦታው ለሰሚው ተትቷል።

አሠራሩም ጉድለት አለው

ሂስ ከሆነ ሁለቱንም ወገን ማየት አለብን። የእነዚህ ማኅበረሰቦች ግምገማም እንከን አለበት፤ ሦስቱን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ አመልካች መልሱን ያጠናዋል። ድካም እንደሚፈለግ ካወቀ ድካም እንደ ቅጽ ይሞላል፤ «ወላጆቹ ሞተውበታል፣ ቁጡ ነው» ብሎ ያልፋል። ገጸ ባሕርዩ ውስጥ ያልገባ ሐዘን ግን እንደ ጌጥ ነው። በእኛም ዘንድ ይህ አለ። ምስክርነት ስንሰጥ ድካማችን ሁሉ ከመዳናችን በፊት የነበረ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወታችን ፀጥ ያለ ነው። ይህም ባሕር በሌለበት አገር ባሕር እንደ መፍራት ነው።

ሁለተኛ፣ ገምጋሚው ገጸ ባሕርዩን ትቶ ሰውየውን ይመዝናል። ብዙዎቹ ማኅበረሰቦች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ ሕያው ገጸ ባሕርይ ይዞ የመጣ የእኛ አገር ልጅ በሰዋስው ስሕተት ሊመለስ ይችላል። ቋንቋና ችሎታ አንድ አይደሉም። የጉራጌው ተወላጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያውን ሥራውን፣ የሺነጋን መንደር ታሪክ፣ የጻፈው በቸሃ ነበር። ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ያ መንደር ለዓለም አንባቢ የደረሰው ጸሐፊው በሚያውቀው ቋንቋ፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች ስለ ጻፈ ነው። በእኛ ግምገማ ላይም የንባብ ድምፁ የማያምር፣ ፊደል የሚገድፍ ልጅ የጻፈው ድራማ ከነልጁ እንዳይጣል ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ምክንያት ሳይሰጥ ይመልሳል። «አልተቀበልንም» ብቻ። ይህ ግምገማ መሆኑ ይቀርና ክልከላ ይሆናል።

በግምገማና በክልከላ መካከል ያለውን ልዩነት የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ ቴአትር የሚባለውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ጽፈው አሳዩ። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ነበሩ፤ ድካማቸው ግን የባለሥልጣናት ድካም ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትሩን ከለከሉ። «ይህን አስተካክለህ አምጣው» የሚል አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታተመ። በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የያዘ ልቦለድ ነው፤ ባለሥልጣናት በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ ራሳቸውን አዩ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ዳዊት በናታን ባለጠጋ ውስጥ ራሱን ሲያይ ንስሐ ገባ። እነዚያ ባለሥልጣናት ራሳቸውን ሲያዩ ደራሲውን አጠፉ። እኛስ በአንድ ወጣት ድራማ ውስጥ ራሳችንን ስናይ፣ የሚቀናውን ዲያቆን፣ ወሬ የምታመላልሰውን የጸሎት ቡድን መሪ ስናይ፣ የምንመርጠው የትኛውን ነው? በእጃችን ያለው ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ቢሆንም፣ ምርጫው ያው ነው።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለኝ መልስ ግልጽ ነው። በዚህ ነገር ትክክሎቹ እነዚያ ገምጋሚዎች ናቸው። ሰዎቹ በእምነት ባይመስሉንም፣ አብሮ ለመኖር ድካምን መሸሸግ እንደማይጠቅም በጨዋታ ተምረውታል። እኛ ይህንን በወንጌል ተምረነዋል፤ መድረካችን ላይ ግን ገና አልታየም።

በወጣት ኅብረታችሁ የድራማ ወይም የሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ የምታገለግሉ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይህን ሞክሩት። አንድን ጽሑፍ አንድ ሰው ብቻውን አይጣለው፤ ሁለት ሰው ያንብበው። ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ይህ ሰው የዚህ አገር ሰው ነው? ለሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ቦታ ይተዋል? ድካሙ የሚጎዳ ድካም ነው? የምትመልሱበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡ፤ ስለ ገጸ ባሕርዩ ብቻ ጻፉ፤ ስለ ጸሐፊው መንፈሳዊነት አንዲት ቃል አታስገቡ። የሚመለስበትን ቀንም ንገሩት፤ «እስከ ሚቀጥለው ቅዳሜ እንጠብቅሃለን» የተባለ ልጅ ተስፋ አይቆርጥም።

እናንተ የምትጽፉ ደግሞ፣ የተመለሰው ማመልከቻ እናንተ አይደላችሁም። ገጸ ባሕርያችሁ ሊመለስ ይችላል፣ ሦስት ጊዜም ሊመለስ ይችላል። እናንተ ግን እግዚአብሔር ፊት የቆማችሁት በማመልከቻ አይደለም፤ ድካማችሁን ሁሉ አስቀድሞ ያነበበ ጌታ ጠርቷችሁ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የቀና ዲያቆን፣ የፈራ ሰባኪ፣ ለእናቱ የዋሸ ልጅ ለመጻፍ መፍራት የለበትም።

ያንን የዕቁብ ዕዳ ያለበትን ልጅ ወስዳችሁ ጻፉት። መስቀል ሲደርስ እናቱ ደጅ ላይ ቆማለች፤ የዕቁቡ ዳኛም ያው እዚያው መንደር ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ።